ዝቅ ብሎ የመብረር ታሪክ፦ ቀላል አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ከይፋት ቆላ ሲታዩ

የሕዝብ ንግግር ሙሉ ቃል



የታሪክ መምህር ስለ አውሮፕላን ዲዛይን፣ ያውም ሸዋ ሮቢትን እያነሳ ሲናገር ግር የሚላችሁ ብትኖሩ አልፈርድም። አውሮፕላን የመሐንዲሱ፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ የግብርና ባለሙያው ጉዳይ ይመስላል። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ግን አለ፤ እርሱም የማሽላ ማሳ ነው።

የአቪዬሽን ታሪክ ዘወትር የሚጻፈው በሁለት መለኪያ ነው፦ ማን ከፍ አለ፣ ማንስ ፈጠነ። በእነዚህ መለኪያዎች ከሄድን ይፋት ቆላ በታሪኩ ውስጥ ስፍራ አያገኝም፤ ከላዩ የሚታለፍ ምድር ብቻ ይሆናል። እኔ ዛሬ የማቀርበው ክርክር መለኪያውን ይገለብጠዋል። ለይፋት ገበሬ ፋይዳ ያላቸው የበረራ መሣሪያዎች ዝቅ ብለውና ቀስ ብለው መብረር የቻሉት ናቸው። ይህን ችሎታ ለማግኘት መሐንዲሶች የከፈሉት ድካም ፍጥነትን ለማግኘት ከተከፈለው የሚያንስ አይደለም። ይሁን እንጂ የቱንም ያህል በጥበብ የተሠራ መሣሪያ በሰዓቱ ካልደረሰ ለማሳው እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል። ስለዚህ የቀላል አውሮፕላን የዲዛይን ታሪክና የባለቤትነት ታሪክ ተነጣጥለው ሊጻፉ አይገባም እላለሁ።

በቅድሚያ ምድሩን እንመልከት። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጣርማ በርን በዋሻው ያልፍና ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን መንገድ ውስጥ ብርዱን ጥሎ፣ ወደ 1,280 ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ሸዋ ሮቢት ይገባል። ከዚያ በስተሰሜን ሰንበቴ፣ አጣዬና ካራቆሬ ይከተላሉ። በስተምሥራቅ ምድሩ እየተንጣለለ ወደ አፋርና ወደ አዋሽ ይዘልቃል፤ በስተምዕራብ ግን የመንዝ ደጋ እንደ ግንብ ቆሟል። በግንቡና በበረሃው መካከል ያለው ይህ ቀበቶ ማሽላ፣ ማሾ፣ ጤፍና ሽንኩርት ያበቅላል። ከሁሉ በላይ የቤቱ ምሰሶ ማሽላ ነው።

ማሽላው ከሰማይ የሚመጡ ሁለት ጠላቶች አሉት። አንደኛው ግሪሳ ነው። ይህች ወፍ ክብደቷ ሃያ ግራም እንኳ አይሞላም፤ በቀን የምትበላውና የምታባክነው እህል አሥር ግራም ያህል ነው። አንድ ሚሊዮን ወፍ ያለበት መንጋ ግን በዚህ ስሌት በቀን አሥር ቶን እህል ያጠፋል። ሁለተኛው የበረሃ አንበጣ ነው። አንዱ አንበጣ ሁለት ግራም ያህል ይመዝናል፤ በየቀኑም የክብደቱን ያህል ይበላል። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ ውስጥ እስከ ሰማንያ ሚሊዮን አንበጣ ሊኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ የደረሰው የአንበጣ ወረራ 167,000 ቶን እህል እንዳጠፋ ተመዝግቧል፤ ይህም አንድ ሚሊዮን ሰው ለአንድ ዓመት ይመግብ ነበር ተብሎ የሚገመት መጠን ነው።

ገበሬው ከጥንት ጀምሮ ለእነዚህ ጠላቶች የሰጠው መልስ ማማ ነው። ከማሳው መካከል በእንጨት ማማ ይሠራል፤ ጎህ ከመቅደዱ በፊት ልጅ ወይም ጎልማሳ ይወጣበታል፤ በወንጭፍ፣ በጅራፍ፣ በጣሳ ጩኸት ወፉን ሲያባርር ይውላል። ማማውን ከንግግሬ ዓላማ አንጻር ካየነው፣ ዝቅተኛ ከፍታን የመቆጣጠር የመጀመሪያው መሣሪያ ነው። ጉድለቱም ግልጽ ነው፦ ወፉን ወደ ጎረቤት ማሳ ያሻግረዋል እንጂ ቁጥሩን አይቀንስም፤ ለዚህም የሚከፈለው ዋጋ የሕፃናት የትምህርት ሰዓት ነው። አውሮፕላኑ የመጣው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነበር።

ወደ አውሮፕላኑ ስንሻገር ግን ከአንድ ጨለማ ምዕራፍ መጀመር የታሪክ ሰው ግዴታ ነው። ከአውሮፕላን ላይ ኬሚካል በእርሻና በዛፍ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነዛው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 3 ቀን 1921 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ትሮይ በተባለች ከተማ አጠገብ ነው። ጆን ማክሬዲ የተባለ ወታደራዊ አብራሪ ከርቲስ ጄኒ በተባለ የሥልጠና አውሮፕላን በካታልፓ ዛፎች ላይ የአርሰኒክ ዱቄት አዝንቦ አባ ጨጓሬውን ገደለ። ወደ እኛ አገር የመጀመሪያው አውሮፕላን የገባው ከዚያ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1921 ዓ.ም ነበር፤ ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ 25። በ1928 ዓ.ም ደግሞ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር «ፀሐይ» የተባለችውን ባለ ሁለት መቀመጫ ቀላል አውሮፕላን አዲስ አበባ ውስጥ ሠርቶ አበረራት። ስሟ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የልዕልት ፀሐይ ስም ነው። ከወረራው በኋላ ወደ ጣሊያን ተወስዳ በሙዚየም የኖረችው ይህች አውሮፕላን በጥር 2016 ዓ.ም ወደ አገሯ ተመልሳለች።

ነገር ግን «ፀሐይ» በተሠራችበት በዚያው 1928 ዓ.ም፣ በሰሜኑ ግንባር የነበረው የኢትዮጵያ ወታደርና ገበሬ ከአውሮፕላን የሚረጭ ፈሳሽን ያወቀው በሰናፍጭ ጋዝ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም ጄኔቭ ላይ ለዓለም ማኅበር ባሰሙት ንግግር፣ በአውሮፕላኖች ላይ መርጫ ተገጥሞ ረቂቅ የመርዝ ዝናብ በሰው፣ በከብት፣ በውኃና በግጦሽ ላይ እንደ ወረደ አስረድተዋል። ስለዚህ በእኛ ታሪክ የአየር ርጭት የተወለደው በእርሻ አይደለም፤ በጦርነት ነው። ይህን የማነሳው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። ዝቅ ብሎ የሚበርና ፈሳሽ የሚያዘንብ ማሽን ባለ ሁለት ፊት መሆኑን ከመነሻው እንድንይዝ ነው። ገበሬያችን የሚረጨውን ነገር «መድኃኒት» ይለዋል፤ በልቡ ግን «መርዝ» መሆኑን ያውቃል። የምንናገረው ሁለቱንም ስሞች ስለሚሸከም መሣሪያ ነው።

አሁን ወደ ዲዛይኑ እንግባ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለርጭት የዋሉት አውሮፕላኖች አብዛኞቹ ከወታደራዊ ሥልጠና የተረፉ ነበሩ። የፊቱ መቀመጫ ይነሣና በቦታው የኬሚካል ታንክ ይገባል። እነዚህ ማሽኖች ለርጭት ስላልተሠሩ አብራሪዎቻቸውን በብዛት ይገድሉ ነበር። ዝቅ ብሎ የሚበር ሰው ዛፍ፣ ሽቦና ኮረብታ ይገጥመዋል፤ ስሕተቱን የሚያርምበት ከፍታም ጊዜም የለውም። እ.ኤ.አ. በ1950 ፍሬድ ዊክ የተባለው መሐንዲስ በቴክሳስ ለእርሻ ብቻ የታሰበውን ኤጂ-1 ሲነድፍ የጀመረው ከዚህ ጥያቄ ነበር፦ አውሮፕላኑ መውደቁ ካልቀረ አብራሪው እንዴት ይትረፍ?

መልሱ የእርሻ አውሮፕላንን መልክ እስከ ዛሬ ወስኗል። ከፊት ሞተሩ፣ ቀጥሎ የኬሚካሉ ታንክ፣ ከሁሉም ኋላ ከፍ ብሎ የአብራሪው መቀመጫ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ከፊት የሚመጣውን ግጭት ሞተሩና የአፍንጫው አካል ይቀበሉታል፤ ከባዱ ታንክም ከኋላ መጥቶ አብራሪውን አይጨፈልቀውም። መቀመጫው ከፍ በማለቱ አብራሪው ከአፍንጫው በታች ያለውን መሬት ያያል። እዚህ ላይ ተማሪዎች ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ቁምነገር አለ። ይህ ቅርጽ የተወለደው ከፍጥነት ስሌት አይደለም፤ ከሰው ሕይወት ስሌት ነው።

በዚሁ መንገድ የተጓዘው ሌላው አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1957 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው አግ-ካት ነው። ያወጣው ግሩማን፣ ዋይልድካትና ሄልካት የተባሉትን የባሕር ኃይል ተዋጊዎች የሠራው ኩባንያ ነበር። የጄት ዘመን በገባበት ወቅት ይህ ኩባንያ ወደ ድርብ ክንፍ መመለሱ ለብዙዎች ወደ ኋላ መሄድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንዱ ክንፍ ከሌላው በላይ ሲደረደር በአጭር ርዝመት ሰፊ የክንፍ ስፋት ይገኛል። ሰፊ ክንፍ ያለው አውሮፕላን ቀስ ብሎ ይበራል፤ አጭር ክንፍ ያለው ደግሞ በማሳው ጫፍ በጠባቡ ይዞራል። የጎን ልባሶቹ በቀላሉ ተነቅለው ኬሚካሉ እንዲታጠብ ተደርገው ተሠርተዋል፤ ምክንያቱም ማሽኑን በጊዜ ብዛት የሚበላው የራሱ ጭነት ነው።

ይህ አውሮፕላን ወደ እኛ ታሪክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካው ሽዋይዘር ኩባንያ ባገኘው ፈቃድ አግ-ካትን አዲስ አበባ ውስጥ መገጣጠም ጀመረ። ስሙንም «እሸት» አለው። ስሙን ያወጣው ሰው ማሳ የሚያውቅ መሆን አለበት። ግሪሳ የሚወርደው ፍሬው ወተት ሲይዝ፣ ገና ሳይጠነክር፣ ማለትም እሸት ሆኖ ሳለ ነው። ገበሬው ከሁሉ ይበልጥ የሚፈራበትን የሰብሉን ዕድሜ ማሽኑ በስሙ ተሸከመ። «ፀሐይ» በተሠራች በግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ውስጥ፣ በዚህች አገር ቀላል አውሮፕላን እንደገና ቅርጽ ይዞ ከአውደ ጥናት ወጣ።

የእርሻ አውሮፕላኑ ዋነኛ ሥራ በአዋሽ ሸለቆ ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ላይ እንደ ነበር መዘንጋት የለበትም። ቀጥ ያለ፣ ረጅም፣ አንድ ዓይነት ሰብል ያለበት ማሳ ለአውሮፕላን ይስማማል። የይፋት ማሳ እንዲህ አይደለም፤ ትንንሽ ነው፣ በድንበር የተከፋፈለ ነው፣ አንዱ ማሽላ ሌላው ማሾ ዘርቶበታል፣ ከዳሩ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል። በዚህ ምክንያት በይፋት የአየር ርጭት ዒላማው ማሳው ሳይሆን የጠላቱ ማደሪያ ሆነ፦ ግሪሳ የሚያድርበት የግራር ጫካ፣ የሸምበቆ ረግረግ፣ አንበጣ ያረፈበት ቁጥቋጦ። ይህ ደግሞ ሌላ ዓይነት አውሮፕላንና ሌላ ዓይነት ርጭት ይጠይቃል።

አውሮፕላኑ ቢቨር ነው። የካናዳው ደ ሃቪላንድ ኩባንያ ከጦርነቱ በኋላ በጫካና በሐይቅ መካከል የሚሠሩ አብራሪዎችን ምን ዓይነት አውሮፕላን እንደሚፈልጉ ጠየቀ። መልሳቸው ኃይለኛ ሞተር፣ አጭር መነሻ፣ ሰፊ በር የሚል ነበር። በሩ የነዳጅ በርሜል አንከባልሎ ለማስገባት እንዲበቃ ሆኖ ተለካ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 16 ቀን 1947 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ይህ አውሮፕላን 450 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ዘጠኝ ሲሊንደር ሞተር ነበረው፤ ከ1,600 በላይም ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1962 በአዲስ አበባ በተፈረመ ስምምነት የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት በቢቨር ሲጠቀም የኖረው በአጋጣሚ አይደለም። መንገድ በሌለበት የካናዳ ጫካ ለበርሜል ተብሎ የተከፈተ በር፣ መንገድ በሌለበት የአፋር በረሃም የመድኃኒት በርሜል አሳለፈ።

ርጭቱን በተመለከተ ትንሽ ስሌት ታገሡኝ። በአንበጣ መከላከል የሚሠራበት ዘዴ እጅግ አነስተኛ መጠን ያለው ርጭት ይባላል፤ ለአንድ ሄክታር አንድ ሊትር ወይም ከዚያ ያነሰ፣ በውኃ ያልበረዘ መድኃኒት ይበቃል። ምሥጢሩ የጠብታው መጠን ነው። አንድ ሊትር ፈሳሽ ሰማንያ ማይክሮን፣ ማለትም ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥራ ሁለተኛ እጅ ገደማ ስፋት ወዳላቸው ጠብታዎች ቢከፋፈል፣ ከሦስት ቢሊዮን ተኩል በላይ ጠብታ ይሆናል፤ በአንድ ሄክታር ላይ እኩል ቢዳረስ ለእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ሠላሳ ሰባት ያህል ይደርሰዋል። ጠብታው አምስት እጥፍ ቢሰፋ ግን ቁጥሩ በ125 እጥፍ ይቀንስና ለሦስት ካሬ ሴንቲ ሜትር አንድ ብቻ ይደርሳል። ስለዚህ ከክንፉ ሥር ትንንሽ ሽክርክሪት ወንፊቶች ይገጠማሉ፤ በአየሩ ግፊት በፍጥነት እየዞሩ ፈሳሹን ያደቅቁታል።

ረቂቅ ጠብታ ግን በነፋስ ይሄዳል። ሰማንያ ማይክሮን የሆነች ጠብታ በጸጥተኛ አየር በሰከንድ ሃያ ሴንቲ ሜትር ያህል እንኳ አትወርድም። ከአሥር ሜትር ከፍታ ስትለቀቅ መሬት እስክትደርስ ወደ አንድ ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ ይፈጅባታል፤ በሰከንድ ሦስት ሜትር የሚነፍስ ለስላሳ ነፋስ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከ150 ሜትር በላይ ይወስዳታል። ባለሙያው ይህን መንሳፈፍ ሆን ብሎ ይጠቀምበታል፤ መንጋውን በጎን እያቋረጠ ነፋሱ መድኃኒቱን እንዲያለብሰው ያደርጋል። ያው ነፋስ ግን በ150 ሜትር ርቀት የተሰቀለውን ቀፎም ያገኘዋል። አብዛኞቹ ፀረ አንበጣ መድኃኒቶች ለንብ ገዳይ ናቸው። ለግሪሳ የሚረጨው ፈንቲዮንም ለሌሎች አእዋፍ፣ የሞተችውን ግሪሳ ለሚበላው ጭልፊት ሳይቀር መርዝ ነው። መድኃኒትና መርዝ የሚለዩበት ወሰን እንግዲህ ጥቂት ሜትሮችና ጥቂት የነፋስ ፍጥነት ነው፤ አብራሪው ዝቅ ብሎ ካልበረረ ወሰኑ ይጠፋል።

ይህን ሁሉ ደግሞ በይፋት ሙቀት ውስጥ ማድረግ አለበት። ክንፍ የሚሸከመው አየርን ነው፤ አየሩ ሲሞቅ ይሳሳል። በሸዋ ሮቢት ከፍታ ላይ የአየሩ ሙቀት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ አየሩ በባሕር ወለል ካለው መደበኛ አየር በአምስት አንድ እጅ ገደማ ይሳሳል። ለክንፉና ለሞተሩ ይህ ማለት ሜዳው በድንገት ወደ 2,080 ሜትር ከፍ አለ ማለት ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታ 2,334 ሜትር እንደሆነ ካስታወስን፣ ቆላው በቀትር ለአውሮፕላን ደጋ ሊሆን ምንም ያህል አይቀረውም። ከመሬት ለመነሳት የሚያስፈልገው ፍጥነት በመቶ አሥራ አንድ ያህል ይጨምራል፤ የተለመደው ሞተር ጉልበት በአንጻሩ ይቀንሳል፤ መንደርደሪያው ይረዝማል። ሞቃቱ አየር ከመሬት ሽቅብ ስለሚነሳም ረቂቋን ጠብታ ወደ ላይ ይወስዳታል።

በዚህ ምክንያት ቀትር ለክንፉም ለጠብታውም የተከለከለ ሰዓት ነው። ደግነቱ ጠላቶቹም የራሳቸው ሰዓት አላቸው። አንበጣ ሌሊቱን በቁጥቋጦ አድሮ፣ ፀሐይ ካሞቀችው በኋላ ረፋዱ ላይ ይነሳል፤ ስለዚህ ጎህ ሲቀድ መድረስ ይገባል። ግሪሳ ቀኑን ተበትና ውላ ምሽት ላይ ወደ ማደሪያዋ ትሰበሰባለች፤ ስለዚህ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መድረስ ይገባል። ይፋት ላይ ግን ፀሐይ የምትጠልቀው ከመንዝ ግንብ ጀርባ ነው። ከገደሉ ሥር ያለው ማደሪያ ሰማዩ ገና ብርሃን ሳለ በጥላ ይሸፈናል። አብራሪው በምዕራብ የተራራ ግድግዳ፣ ከበታቹ የጨለመ ጫካ ይዞ፣ በደቂቃዎች የሚቆጠር ዕድል ብቻ ይቀረዋል፤ ከዚያም ሳይመሽ ወደ ማረፊያው መመለስ አለበት። ማረፊያው ሩቅ ከሆነ ዕድሉ የለም ማለት ነው። የማሽኑ ጥበብ በሜዳው ርቀት ይሻራል።

ሄሊኮፕተር የመጣው ይህን የሜዳ ጥገኝነት ለማስቀረት ነበር። ኢጎር ሲኮርስኪ እ.ኤ.አ. በ1939 ቪኤስ-300ን ካበረረ በኋላ፣ ቤል 47 መጋቢት 8 ቀን 1946 ለሲቪል አገልግሎት ፈቃድ ያገኘ የመጀመሪያው ሄሊኮፕተር ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ለእርሻ ርጭት ዋለ። ሄሊኮፕተር ሜዳ አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ክብደቱን ሁልጊዜ በሞተሩ ጉልበት ይሸከማል። ባለ ክንፉ አውሮፕላን በሩጫ የሚያገኘውን ድጋፍ ሄሊኮፕተር በነዳጅ ይገዛዋል፤ በሳሳ አየርም ዋጋው ይወደዳል። ቀላልና ብርቱ የሆነው የተርባይን ሞተር፣ ከፈረንሳዩ አሉዌት 2 ጀምሮ እ.ኤ.አ. ከ1955 ወዲህ፣ ሄሊኮፕተርን ለደጋና ለሞቃት ምድር የሚሆን መሣሪያ አደረገው።

የዚህን ጥቅም የይፋት ጎረቤት የሆነው የመንዝ ደጋ በ1977 ዓ.ም አይቶታል። በዚያ የረሃብ ዘመን መኪና ሊደርስባቸው ላልቻለ የደጋ ቀበሌዎች የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን አውሮፕላኖች እህል ከአየር ጣሉ፤ ከስፍራዎቹ አንዱ ግሼ ራቤል ነበር። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ከመሬት ጥቂት ሜትሮች ብቻ ከፍ ብለው እየበረሩ፣ በድርብ ጆንያ የታሸገውን እህል ያለ ጃንጥላ ይለቁት ነበር። ከእነርሱ አስቀድመው ግን የፖላንድ ኤምአይ-8 ሄሊኮፕተሮች ያርፋሉ፤ ቦታውን ይመርጣሉ፤ ምልክት ያደርጋሉ። በቀዝቃዛው ጦርነት ጎራ ለይተው የቆሙ አየር ኃይሎች በአንድ ሜዳ ላይ የተባበሩበት ክስተት ነው። ኤምአይ-8 ቀላል የሚባል ሄሊኮፕተር ባይሆንም ያስተማረው ትምህርት ለቀላሎቹም ይሠራል፦ የሄሊኮፕተር ትልቁ አገልግሎት መሸከም ሳይሆን ቀድሞ ደርሶ፣ አርፎ፣ አይቶ መናገር ነው።

በ2012 እና በ2013 ዓ.ም በምሥራቅ አፍሪካ በተካሄደው የአንበጣ ዘመቻ የሄሊኮፕተሮቹ ሥራ በአብዛኛው ይኸው ነበር። ከተሰማሩት ዓይነቶች አንዱ ኤኤስ 350 ነው፤ የዚህ ቤተሰብ አንዱ አባል እ.ኤ.አ. በ2005 በኤቨረስት ተራራ ጫፍ ላይ አርፏል። በዓለም ከፍተኛው ተራራ ላይ ያሳረፈው የጉልበት ትርፍና በቆላ ቀትር የሚያበርረው የጉልበት ትርፍ አንድ ነው። ሁለቱም ከሳሳ አየር ጋር የሚደረግ ትግል ናቸውና።

ክቡራትና ክቡራን፤ እስካሁን የተናገርሁት ስለ ጥበብ ነው። የቀረኝ ስለ ሰዓት ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም አንበጣው በሰሜን ሸዋ፣ በኦሮሞ ልዩ ዞንና በደቡብ ወሎ ቆላማ ወረዳዎች ላይ ሲወርድ ማሽላው ሊደርስ ተቃርቦ ነበር። የአንበጣ መንጋ በቀን መቶ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊጓዝ ይችላል። ጠዋት በአፋር ሜዳ የታየ መንጋ ማታ ከይፋት ገደል ሥር ሊያድር ይችላል ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ላይ የአንድ ቀን መዘግየት ማለት ምርቱ አለቀ ማለት ነው። ሕዝቡ በጅራፍና በጣሳ ወጣ፤ ተማሪውና የመንግሥት ሠራተኛው ያልጠነከረውን እህል ለማጨድ ዘመተ። «እሸት»ን የገጣጠመች አገር ሰማይዋን በኪራይና በእርዳታ በተገኙ አውሮፕላኖች ላይ ጣለች።

እንዴት እዚህ ደረስን? የክልላዊው ድርጅት አቅም የተመሠረተው በአባል አገሮች መዋጮ ላይ ነው፤ የመዋጮውም መዘግየት ለዓመታት ሲነሳ የኖረ ችግር ነው። ከዚህ በታች ግን ጠለቅ ያለ ምክንያት አያለሁ። አንበጣ በየዓመቱ አይመጣም። ባልመጣባቸው ዓመታት የቆመ አውሮፕላን ለሒሳብ ሠራተኛው ባዶ ወጪ ነው፤ አብራሪው ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ ሜካኒኩ ጡረታ ይወጣል፤ የማረፊያው ሜዳ ሣር ይበቅልበታል። ጎተራ በጥጋብ ዘመን እንደሚሠራ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ቀላል አውሮፕላንም የጎተራ ወገን ነው፤ ዋጋው የሚታወቀው በማያስፈልግበት ጊዜ ስለተጠበቀ ነው።

ዛሬ አዲስ ምዕራፍ ተከፍቷል። ጃፓን ውስጥ ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1987 አብራሪ የሌለውን አር-50 የተባለ ትንሽ ሄሊኮፕተር ለሩዝ ማሳ ርጭት አወጣ። የዛሬዎቹ የእርሻ ድሮኖች የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው፤ በአገራችንም መታየት ጀምረዋል። ለይፋት ትንንሽ ማሳዎች ከአግ-ካት ይልቅ የሚስማሙ ሊሆኑ ይችላሉ፦ ሜዳ አይፈልጉም፣ የአንድ ሰው ነፍስ አይጭኑም፣ ከቁጥቋጦው ላይ በጥቂት ሜትር ከፍታ ይበራሉ። የሚሸከሙት ግን በአሥር ሊትሮች የሚቆጠር ነው፤ በብዙ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ለተዘረጋ መንጋ አይበቁም። ስለዚህ ድሮኑ የአውሮፕላኑን ቦታ ይወስዳል ከማለት፣ ማማው፣ ድሮኑ፣ ሄሊኮፕተሩና አውሮፕላኑ እያንዳንዱ የየራሱን ከፍታ ይይዛል ማለት ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ ሁለት ነገር እንድትወስዱ እለምናለሁ። የምሕንድስና ተማሪዎች ሆይ፤ መነሻችሁን ማሳው አድርጉት። በ30 ዲግሪ ሙቀት፣ በ1,280 ሜትር ከፍታ፣ ከገደል ጥላ ሥር የማይሠራ መሣሪያ በወረቀት ላይ የቱንም ያህል ቢያምር ለይፋት አልተሠራም። የምትለኩትም የተረጨውን ሄክታር ብቻ አይሁን፤ ቀፎው ስንት ሜትር ላይ እንደነበረ፣ ባለቤቱም ከርጭቱ በፊት ተነግሮት እንደሆነ ለኩ። የታሪክ ተማሪዎች ሆይ፤ የአቪዬሽን ታሪካችን ምንጮች በአየር መንገድና በአየር ኃይል መዛግብት ብቻ አይገኙም። በየወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚቀመጡ ሪፖርቶች አሉ፦ መንጋው የታየበት ቀን፣ ጥሪው የተላለፈበት ቀን፣ አውሮፕላኑ የደረሰበት ቀን። በእነዚህ ሦስት ቀኖች መካከል ያለው ርቀት ከማናቸውም የፍጥነት ክብረ ወሰን የበለጠ የአገር ታሪክ ይናገራል። ማማ ላይ የቆመው ልጅ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚመለሰው ያ ርቀት ሲያጥር ነው።